ወደ ኢኪቶስ፣ ከመቀሱ በፊት

ሮቤር ሚስቱን «ቀስ በይ፣ ትሰማለች» ያላት እናቱ ሰምተው ከጨረሱ በኋላ ነው። በኛ ሰፈር፣ እዚህ የወንዝ ወደቧ ዩሪማጓስ፣ የቤቶቹ ግድግዳ ጣሪያው ጋ ሳይደርስ የሚቀር ሳንቃ ስለሆነ ባልና ሚስት ሲጣሉ ጎረቤት ሳይጠራ ነው የሚያስታርቀው። እትዬ ቴኦሊንዳ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ ለሁዋኔ መጠቅለያ የሚሆነውን ሰፋፊ ቅጠል እንዲለሰልስ በምድጃው ነበልባል ላይ እያሳለፉ ነበር። የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሳምንት ነው፤ በዚህ ሳምንት ሩዝና ዶሮ በቅጠል ጠቅልሎ ያልቀቀለ ቤት የለም፣ መጠቅለል የማይችለው ደግሞ ከሮቤር ምግብ ቤት ያዛል። ምራታቸው ግላዲት ከወዲያኛው ክፍል ሆና፣ «ዛሬ ማታ አይደል የልጁ ፀጉር የሚቆረጠው? ካወቀች ጥላን ነው የምትሄደው። ይሄን ሁሉ ትዕዛዝ ማን ሊጠቀልለው ነው?» አለች። ከዚያ እንቅልፍ ያልለቀቀው የልጃቸው ድምፅ መጣ፦ «ለኔልቫ ነገርኳት አልኩሽ እኮ። እማዬ ጉልበቷን ይዟታል፣ ከአልጋ አትነሳም ብያታለሁ። ጎረቤታቸው የኢንጂነሩ ሚስት ትቆርጥለታለች፤ አለቀ።»

አለቀ! እንዲህ በቀላሉ። ኔልቫ ማለት የእትዬ ቴኦሊንዳ የእህት ልጅ ናት፤ እናቷ ጡት ሳታስጥላት ስለሞተች እትዬ ቴኦሊንዳ ናቸው አዝለው ያሳደጓት፣ አስተምረው ለኢኪቶስ ሰው የዳሯት። ኤይነር የሚባለው ልጇ የተወለደ ቀን ገና ከአራስ አልጋዋ ሳትወርድ ደውላ፣ «አክስቴ፣ የመጀመሪያ ፀጉሩ ያንቺ ነው» ብላቸዋለች። እኛ ዘንድ የልጅ ፀጉር እንዲሁ አይነካም። ልጁ ቆሞ እስኪሄድ፣ አፉን ፈትቶ ሰው እስኪሰድብ ድረስ ያድጋል፤ ከዚያ ይደገስና ፀጉሩ በሪባን እየተቋጠረ ይታሰራል፤ የመጀመሪያውን ቋጠሮ የቆረጠችው ሴት የፀጉር እናቱ ትሆናለች፣ ከወላጆቹ ጋርም ዕድሜ ልክ አበልጅ። ከእሷ በኋላ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተራ በተራ ይቆርጣል፤ የዚያን ግን ማንም አያስታውሰውም። እና እትዬ ቴኦሊንዳ ምን ተብለው ነበር መሰላችሁ? ልጁ ኩፍኝ ወጥቶበታል፣ ድግሱ ተላልፏል! ሴትዮዋ ሳምንቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን እየተመላለሱ ለኩፍኙ ሻማ ሲያበሩ ከረሙ። ልጁ ጋ ኩፍኝ የሚባል ነገር ዝር አላለም።

እሳቸው ታዲያ በሩን አልደበደቡም። የያዙትን ቅጠል እሳቱ ላይ አሳልፈው ጨረሱ፤ ሥራ እጃቸው ላይ ሲቀር አይወዱም። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡ፣ የእሑድ ቀሚሳቸውን ለበሱ፣ ሐማካቸውን፣ ያቺን ተሰቅላ የሚተኛባትን የጨርቅ አልጋ፣ ጠቅልለው በከረጢት ያዙ፤ ከጓሮም ለዚሁ ቀን ብለው ከጫጩትነቷ ጀምሮ በቆሎ ሲበትኑላት የኖሩትን ቀይ ዶሮ አንስተው ብብታቸው ስር ወሸቁና በጓሮ በር ወጡ። ስልክ የላቸውም። የኔልቫ ቁጥር ያለው በሮቤር ስልክ ውስጥ ነው፤ የሮቤር ስልክ ያለው በሮቤር ትራስ ስር ነው። ስለዚህ ለኔልቫ «መጣሁ» ማለት የሚቻለው ሄዶ በሯ ላይ በመቆም ብቻ ነበር።

ችግሩ ኢኪቶስ ከሌላው አገር የሚያገናኛት መንገድ የላትም። ያን ሁሉ ሕዝብ፣ ያን ሁሉ ባጃጅ ይዛ ጫካው መሃል ጉብ ብላለች፤ የሚፈልጋት ወይ ከሰማይ ይወርዳል ወይ በወንዝ ይመጣል። አውሮፕላን አለ፤ ግን እሱን ለመሳፈር መጀመሪያ በዚያ አንጀት በሚገለብጥ ጠመዝማዛ ወደ ታራፖቶ መውጣት፣ ከዚያም ደመናውን መለመን ነው። ብረት ለበሱ ትልቁ መርከብ አለ፤ ሐማክህን ከጣሪያው ብረት ላይ ታስራለህ፣ ሰሐንና ማንኪያህን ይዘህ ትሰለፋለህ፣ ተኝተህ ትነሳለህ፣ ደግመህ ትተኛለህ፣ ሲፈቅድ ትደርሳለህ። ፈጣኑ ጀልባ ደግሞ በአውቶቡስ ወንበር ላይ አጣብቆ ቀኑን ሙሉ ሲያንገጫግጭህ ይውልና ናውታ ላይ ይጥልሃል፤ ከናውታ እስከ ኢኪቶስ ያቺው አንዲት አስፋልት አለች። እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን ሁሉ ያውቀዋል። እትዬ ቴኦሊንዳ ግን በሕይወታቸው ኢኪቶስ የሄዱት በሐማክ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ሲናደድ እግሩ ወደ ለመደው እንደሚወስደው፣ እሳቸውንም እግራቸው ወደ ትልቁ መርከብ ወሰዳቸው።

እኔ ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለበዓሉ ጨርቅ አልቆብኝ በፈጣኑ ጀልባ ኢኪቶስ ለመሄድ ትኬቴን ቀድሜ ቆርጬ፣ ወደ ጀልባው በወንዙ ዳር እየወረድኩ ሳለ ቀና ብል፣ በትልቁ መርከብ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤቴ እትዬ ቴኦሊንዳ በእግር ጣታቸው ተንጠራርተው የሐማክ ገመድ ይቋጥራሉ። ዶሮዋ እግሯ ታስሮ ከጎናቸው ተቀምጣለች።

«እትዬ! ምን እየሠሩ ነው?»

«ቦታ እየያዝኩ ነዋ፤ አታዪም?» አሉኝ ዞር እንኳ ሳይሉ። «ከሽንት ቤቱ የራቀ፣ ከሞተሩ የራቀ፣ ዝናብ የማይነካው። እንዲህ ያለ ቦታ ለጳጳስም አይገኝ።»

«ወዴት ሊሄዱ ነው?»

«ኢኪቶስ። ዛሬ ማታ የምደርስበት ድግስ አለኝ።»

መጀመሪያ የሚቀልዱ መሰለኝ። በመርከቡ ጎን የተሰቀለው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ «ዛሬ፣ ያለ ምንም ጥርጥር» ተብሎ ተጽፏል፤ ይሄ ጽሑፍ ማክሰኞም ነበር፣ ሐሙስም ነበር። መርከቡ የሚነሳው ሙዙም፣ ሲሚንቶውም፣ በሬውም ተጭኖ ሲሞላ ነው፤ ያን ዕለት ደግሞ አንድም በሬ ገና አልመጣም። ተነስቶም ቢሆን በዚያ ዘገምተኛ ጉዞው ኢኪቶስ ሲደርስ የልጁ ፀጉር ተቆርጦ ግማሹ ተመልሶ ይበቅላል። ይህንኑ ከታች ሆኜ ስጮህላቸው እጃቸው ገመዱ ላይ ቀረ። እኛ የወንዝ ሰዎች ሐማኩ ከታሰረ ጉዞው የተጀመረ ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ሰው ሐማኩን አስሮ ጋደም ይልና መርከቡ ከመሬት ሳይላቀቅ ሁለት ቀን በደስታ ይተኛል። እትዬ ቴኦሊንዳ የራሳቸውን ቋጠሮ እንደ ሌላ ሰው ሥራ አዩት። «እጄ ነው ያሰረው፤ እኔ የለሁበትም» አሉና በጥርሳቸው ይፈቱት ጀመር።

ፈጣኑ ጀልባ ጋ ስንደርስ ሞልቷል። ሙሉ ማለት እዚያ ወንበር አለቀ ማለት ብቻ ሳይሆን የመንሳፈፊያ ሰደርያው አለቀ ማለት ነው፤ ያለሱ የወደቡ ጠባቂ አያሳልፍም። ተቆጣጣሪው ጉሮሮው የተዘጋ ወጣት ነው፤ በየቀኑ «ሞልቷል» ሲል የሚውል ሰው ጉሮሮ ሌላ ምን ይሆናል። እኔ ገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ቴኦሊንዳ ግን ከመሬት ወደ ጀልባው በተዘረጋችው ጠባብ ሳንቃ መሃል ላይ ቆመው ቀሩ። ወደፊትም አይሉ ወደኋላም አይሉ።

«እማማ፣ ከሳንቃው ላይ ይውረዱ። ሞልቷል ተባለ እኮ።»

«ሞተሩ ይነሳና እወርዳለሁ። ምን አስቸኮለህ?»

«ደግሞ ዶሮ አይፈቀድም።»

«ዶሮ የታለ? ስጦታ ነው ይሄ።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሴትዮዋ ግን ሥራቸውን ያውቁ ነበር፤ ሞተር ሲነሳ ባለቤቱ ያልተቀመጠበት ወንበር ሳንቃው ላይ ለቆመ ሰው ነው፣ ይህን ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አይከራከርበትም። ሞተሩ አጓራ። ከኔ ኋላ አንድ ወንበር ባዶ ነው። ተቆጣጣሪው ወደ ዳገቱ ቀና ብሎ አየ፣ ጠባቂውን አየ፣ እሳቸውን አየና ሰደርያውን አንስቶ አንገታቸው ላይ አጠለቀላቸው። ሳንቃው ተስቦ ውሃ ከመሃላችን እንደገባ አንድ ሰውዬ በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በአንድ እጁ የተጠበሰ ሙዝ ይዞ በዳገቱ እየተንደረደረ ወረደ። «ወንበሬ! ወንበሬ!» እያለ ይጮኻል። ቁርሱን ሳይጨርስ መሄድ ያቃተው ሰው ነው፣ ምን እናድርገው? ጀልባው ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ አፍ «ነገ! ነገ!» እያለ እጁን አወዛወዘለት። እትዬ ቴኦሊንዳም አወዛወዙ፤ እንዲያውም ከሁሉም በላይ የሞቀ ሰላምታ የሰጡት እሳቸው ናቸው።

ከጎኔ የነበረው ተማሪ ቦታ ቀይሮልን ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ የሆነውን ሁሉ የነገሩኝ ያኔ ነው። አላለቀሱም። ቆሽታቸው አርሯል እንጂ አላለቀሱም። በጣም ያንገበገባቸው ውሸቱ እንኳ አልነበረም፤ ሻማው ነው። «በገዛ እጄ እያበራሁ፣ በገዛ አፌ ‹ፊቱ ላይ ጠባሳ አታስቀርበት› እያልኩ ስለምን!» ይላሉ። «ጤነኛ ልጅ ላይ ይሄን ሁሉ ጸሎት! ቅዱሱስ ምን ይለኛል?» ከዚያ ወንዙን ያያሉ። ሮቤርን ግን በስሙ አልጠሩትም፤ «ያ ሰውዬ» ነበር የሚሉት። አባቱ ከሞተ ወዲህ በዚያ ምድጃ ፊት ቆመው ያቆዩለትን ምግብ ቤት አስቤ እኔም በሆዴ «ያ ሰውዬ» አልኩት። ልጅ እናቱን ይወዳል፣ አይካድም፤ ግን ሲለምዳት የቤት ዕቃ ትመስለዋለች፣ ዕቃ ደግሞ ግብዣ አይጠራም።

ላጉናስ የሚባለውን ወደብ አለፍ እንዳልን ዝናብ መጣ፤ ላስቲኩን ግራና ቀኝ ዘርግተን ተጨፍነን ስንሄድ ጀልባውን ከታች አንዳች ነገር መታው፣ ሞተሩ በባዶው ጮኸና ጸጥ አለ። ግንድ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ወንዙ ከላይ ስንት ዛፍ ነቅሎ እንደሚያመጣ እናውቃለን፤ ውሃውን የሚቀዝፈው ፕሮፔለር ተይዞ ሚስማሩ፣ ፒኑ፣ ተሰብሯል። ሞተረኛው እስከ ወገቡ ተጎንብሶ ሲታገል ጀልባችን ጎኑን ሰጥቶ እንደ ቅጠል በዝግታ መንሳፈፍ ጀመረ። እትዬ ቴኦሊንዳ ያን ጊዜ ነው ፊታቸው ያመድ መልክ የያዘው። «አልቢና» አሉኝ፣ «ሰዓቱ ይሄድ ይሆን እኛ እንደቆምን?» «አልቆምንም እኮ እትዬ፤ ወንዙ ራሱ ወደ ኢኪቶስ ነው የሚሄደው» አልኳቸው። ለማጽናናት ነው ያልኩት፤ ለካ ሰውም ሰምቶኛል። አንዱ «ወዴት ነው እንዲህ የሚያስቸኩላቸው?» አለ። እኔ ደግሞ አፌ ወሬ አይቋጥርም፤ ነገርኳቸው። ዳር እስከ ዳር፣ ኩፍኙንም፣ ጉልበቱንም፣ ሻማውንም።

ከዚያ በኋላ ጀልባው የሳቸው ሆነ ማለት ይቻላል። ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ፣ የአንዱ ምክር ካንዱ አይገጥምም። አንዲት ዓሣ ነጋዴ፣ ናውታ ሲደርሱ ሻንጣ የሚነጥቃቸውን ሹፌር እንዳይከተሉ፣ ባዶ መኪና እስኪሞላ ጨረቃ እንደምትወጣ ነገረቻቸው። አንድ መምህር «የለም፣ የሞላ ሚኒባስ ውስጥ ከገቡ ኋላ ወንበር ነው፣ ሲያንገላታዎት ጉልበትዎን...» ሲል፣ «ጉልበቴን ምንም አላለኝም!» ብለው ጮኹበት። ሌላው ከኢኪቶስ መግቢያ ባጃጅ ሲይዙ አስቀድመው ዋጋ እንዲነጋገሩ፣ የልጆች አባት የሚመስል ሽማግሌ ሹፌር እንዲመርጡ አሳሰበ። ሞተረኛው በመጨረሻ ከውሃው ቀና ብሎ አዲስ ፒን ማስገባቱን ሲያሳይ ቅዳሴ ያለቀ ይመስል ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን ተቀበልነው። እትዬ ቴኦሊንዳ ከረጢታቸውን ከፍተው ለመንገድ ብለው የያዟትን አንዲት የትናንት ሁዋኔ፣ በቅጠሏ እንደተጠቀለለች፣ በሰው እጅ አሳልፈው ላኩለት። በአንድ እጁ መሪ ይዞ በአንድ እጁ እየበላ፣ እንደዚያ ቀን ሲነዳ አይቼው አላውቅም።

ናውታ ስንደርስ ፀሐይዋ ወደ ጫካው ተጠግታለች። ሹፌሮቹ እንደተባለው ሻንጣ ሊነጥቁ ተሯሯጡ፤ ሞልቶ የተዘጋጀ መኪና ግን አንድም አልነበረም፤ ከኛ ቀድሞ የገባ ጀልባ ተሳፋሪ ሁሉን ይዟቸው ሄዷል። የቀረችው አንዲት ሚኒባስ ናት፤ ውስጧ ሁለት ሰዎች አንቀላፍተዋል፣ ሹፌሩ በሩ ላይ እግሩን ሰቅሎ ሐብሐብ ይበላል። «መቼ ነው የምትነሳው?» ቢሉት፣ «ስትሞላ» አለ። ዓይኑ እንኳ ከሐብሐቡ አልተነሳም። ረዳቱ የት እንዳለ ሲጠየቅ፣ ትናንት ሚስት አግብቶ ዛሬ አልመጣም አለ።

እትዬ ቴኦሊንዳ ሚኒባሷን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ፣ ዶሮዋን እኔ እቅፍ ውስጥ ጣሉና የእሑድ ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው መንገዱ መሃል ገቡ። «ኢኪቶስ! ኢኪቶስ! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው ብቻ የቀረው!» ኧረ የጎደለው የት ሁለት ሰው ነው! ግን በዓለም ላይ ያለ ወያላ ሁሉ የሚዋሸውን ውሸት ከየት እንደተማሩት እንጃ፣ እንደ ፀሎት አወረዱት። ድምፅ ደግሞ አላቸው! ያን ሁሉ ዘመን ምድጃ ፊት ሆነው ለአሳላፊ ሲጮኹ የኖሩ ሴት ናቸው። አንድ ባልና ሚስት ከነልጃቸው ከሌላ ሹፌር እጅ ነጥቀው አመጡ። ዓሣ ነጋዴዋ ነገ ልትሄድ የነበረችው ለሳቸው ስትል ዛሬ ገባች። መምህሩ ኋላ ወንበር ላይ በፈቃዱ ተቀመጠ። አንድ የሚያመነታ ወጣት ክንዱን ይዘው «ምን ትጠብቃለህ ልጄ፣ የሚሻል መኪና ሊወለድ ነው?» ብለው ወደ ውስጥ ገፈተሩት። ሹፌሩ ሐብሐቡን ጥሎ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ተነሳ። «እማማ» አላቸው ቁልፉን ሲያዞር፣ «ነገም ይምጡ፤ ደመወዝ እቆርጥልዎታለሁ።» «አንተ ብቻ ንዳ!» አሉት። ሚኒባሷ በሳቅ ተናወጠች፣ ተነሳንም።

መንገዱን አላስታውሰውም፤ በዚያ አስፋልት ላይ ጨለማ ሲወድቅ አንዴ ነው። ከተማዋ መድረሳችን የታወቀን ከመብራቷ በፊት በባጃጆቿ ጩኸት ነው። የተሳፈርንበት የባጃጅ ሹፌር ሽማግሌ ነበር፤ ገና ሳንቀመጥ፣ ኢኪቶስ የገባ ሰው ሁሉ የሚጠየቀውን ጠየቀን፤ «በምን መጣችሁ?» እትዬ ቴኦሊንዳ «ቀስ ብለህ ጠይቀኝ፣ ፈጥነህ ንዳ» አሉት። የኔልቫ አማት ቤት በር ላይ ስንደርስ ሰው ደጅ ድረስ ሞልቷል፣ ከበሮውና ዋሽንቱ ግን ጸጥ ብሏል። ሙዚቃ የሚቆመው መቀስ ሲነሳ ነው። እትዬ ቴኦሊንዳ ክንዴን ጨምድደው ያዙና «አልቢና፣ አለቀ» አሉኝ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጥኖ ነበር። እኔ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ አየሁ። ልጁ በነጭ ሸሚዝ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ጭንቅላቱ በቀይና በሰማያዊ ሪባን ቋጠሮ ተሞልቷል፤ አንዲት ወፍራም፣ ሽቶ ሽቶ የምትል ሴት መቀስ ይዛ አጠገቡ ቆማለች፤ ኔልቫ ደግሞ ተንበርክካ አንዷን ሪባን ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። «ቆይ፣ ይቺ ላልታለች» ትላለች። አማቷ እትዬ ቤትሳቤ ከኋላ ሆነው «ልጄ፣ ሰው ደከመው እኮ! መጀመሪያ ሾርባው ይቅረብ አልሽ፣ ቀጥሎ ሙዚቀኞቹ ይብሉ አልሽ፣ አሁን ደግሞ ሪባን!» ይላሉ። ለካ ልጅቱ አክስቷ ከአልጋ አትነሳም መባሉ አልዋጥላት ብሎ፣ ከቀትር ጀምሮ ሰበብ እየፈለገች መቀሱን ስታቆይ ነው የዋለችው።

«እትዬ፣ ሪባኑ ሁሉ እንዳለ ነው!» አልኩና ገፋኋቸው። ኔልቫ ቀና አለች፤ አየቻቸው። «አክስቴ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ልጁን አስደንግጦ አስለቀሰው። እየሮጠች መጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እትዬ ቤትሳቤ እጃቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው፣ «ኧረ ጉድ! አልጋ ላይ ናት አልተባለም? ሮቤር ለራሴ ነው የነገረኝ፤ ጉልበቷ አያቆማትም ብሎ!» አሉ። ቤቱ ሁሉ የእትዬ ቴኦሊንዳን አፍ ያያል። አንዲት ቃል ብትበቃ ነበር፣ የልጃቸውን ስም በዚያ ሁሉ ዘመድ ፊት ለማዋረድ፤ እኔ ብሆን አላልፈውም ነበር፣ ቃሏም ከንፈራቸው ላይ ደርሳ አይቻታለሁ። ዋጧት። «ይኸው ቆሜያለሁ» አሉ። «ወንበር ካለ ግን አልጠላም።»

ሳቁ ሲፈነዳ ከመሃል አንዱ ያቺን ጥያቄ አመጣት፤ «በምን መጡ?» ምን ይነገራል! መቀሱም፣ ልጁም ተረሳ፤ ሰው ሁሉ ከበባቸው። ሳንቃውን ሲነግሯቸው ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ባለ ሙዙን ሲነግሯቸው ሴቶቹ ሆዳቸውን ያዙ፣ «ሁለት ሰው ብቻ የቀረው!» ብለው እንደገና ሲጮኹማ ደጅ ያለው ሁሉ ገባ። አንዱ በታራፖቶ ዞረው በአውሮፕላን ቢመጡ ይሻል ነበር ብሎ ተነሳ፣ ሌላው በዚህ ደመና አውሮፕላን ምን አባቱ ያደርጋል ብሎ ተከራከረው። የኢንጂነሩ ሚስት፣ ወይዘሮ ማሪሉስ፣ መቀሷን እንደያዘች ዳር ላይ ቀርታለች። ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ለልጁ ማቀዝቀዣ ይዛ የመጣች ሴት ናት፣ ጥግ ላይ ከነካርቶኑ ቆሟል። ወደ እትዬ ቴኦሊንዳ መጣች። ዝቅ ብላ ጭቃ የነካውን ቀሚሳቸውን አየች። «እኔ እኮ ከሚቀጥለው መንገድ በባጃጅ ነው የመጣሁት፤ እሱንም አርፍጄ» አለችና መቀሱን በእጀታው በኩል አዙራ ሰጠቻቸው። «ሁለተኛዋን ቋጠሮ ይተዉልኝ።»

እትዬ ቴኦሊንዳ ወንበሩን ትተው ቆመው ነው የቆረጡት። ዶሮዋን ለልጁ አሳቀፉት፣ ልቅሶውን ተወ። ፀጉሩን በመዳፋቸው አንዴ ደባብሰው ከግንባሩ በላይ ያለችውን ቀይ ሪባን ያዙ። መቀሱ ሲከደን ድምፁ እኔ ካለሁበት ተሰማ። ቋጠሮዋ ሰሐኑ ላይ ስትወድቅ ቤቱ በጭብጨባ ተደበላለቀ፤ ዶሮዋ ደንግጣ በሰው እግር መሃል ሮጠች፤ ከበሮውም ሳይታዘዝ ጀመረ። እኔ ለማንም ያልተዘመድኩ ሰው፣ ጨርቅ ልገዛ የመጣሁ ሴት፣ ቆሜ በሁለት እጄ እንባዬን እጠርጋለሁ።

በዚያ ሁካታ መሃል የኔልቫ ስልክ ጠራ። ሮቤር ነው። ከበሮው ስላየለ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ በዙሪያዋ ያለነው ሁሉ ሰማን። «ኔልቫ! እማዬ ጠፋች! ገበያ የሄደች መስሎን ነበር፣ የለችም፤ ሆስፒታል ሄድኩ፣ የለችም! ሰዎቹም ምግባቸውን ሊወስዱ መጥተው እየሰደቡን ሄዱ! ምን ይውጠኝ?»

ኔልቫ ወደ አክስቷ ዞረች፤ እትዬ ቴኦሊንዳ መቀሱን ለወይዘሮ ማሪሉስ እያቀበሉ፣ ሁለተኛዋን ቋጠሮ እንዴት እንደምትይዝ ያሳዩአታል።

«ምን ነካህ ሮቤር፤ ከአልጋ የማትነሳ ሴት የት ትጠፋለች?» አለችው።

«እዚያ ናት እንዴ?» አለ ሮቤር።

«አበልጄ አሁን ሥራ ላይ ናት» አለች ኔልቫ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ቆይተህ ደውል።»